«አያትሽ ዘምተዋል?»

(ይህን ንግግር ያደረግኩት አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና ወላጆች ነው። የሚደጋገመውን ትንሽ ቀንሼ የቀረውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ይሰማል? እሺ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ደረጃው ላይ ቦታ አለ።

የተሰጠኝ ርእስ «የኮሪያን ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር» የሚል ነው። ርእሱ ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። አንድ፣ ስለ ቋንቋው። ሁለት፣ ስለ ታሪኩ። ሦስተኛው ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሯን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ። የኮሪያ ድራማ አይቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! ... ሁለት ሰው። አንዱ አባቴ ናቸው፤ እሳቸውን ያመጣኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። (ሳቅ)

እኔም በድራማ ነው የገባሁት። አልዋሽም። ስኮላርሺፕ አግኝቼ የቋንቋውን ዓመት የተማርኩት ቹንቾን በምትባል ከተማ ነው። ከሴኡል በባቡር ብዙም አትርቅም፤ በሐይቅ የተከበበች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት። እዚያ አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ትልልቅ ሰዎች ፊታቸው ይበራል። ከዚያ ይመጣል፦ «አያትሽ ዘምተዋል?»

አባቴ ምስክር ናቸው። አያቴ አልዘመቱም። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ ሲዋጋ አያቴ ጎጃም ውስጥ ጤፍ ያርሱ ነበር። ባሕር እንኳ አይተው አያውቁም። እኔም ሁልጊዜ «አይ፣ አልዘመቱም» እላለሁ። የሰዎቹ ፊት ትንሽ ይቀዘቅዛል። እኔም የሆነ ነገር የነጠቅኳቸው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ግን ደክሞኝ ነበር። በረዶ ይወርዳል። ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠየቁኝ። እኔም «አዎ» አልኩ። በቃ፣ አዎ! ስንደርስ ሂሳብ አልቀበልም አሉ። ለመንኳቸው፣ አሻፈረኝ አሉ። ሄዱ። እኔ በረዶው ላይ ብሩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን ብር አደራ አስታውሱልኝ። እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አንደኛ፣ ቋንቋው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደስ የሚል ዜና አለ። ኮሪያኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «እኔ ትናንት ገበያ ሄድኩ» የሚለውን ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ፣ ወደ ኮሪያኛ ልታስገቡት ትችላላችሁ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ የክፍል ጓደኞቼ ግሱን እስኪያገኙ ላብ ያጠምቃቸዋል። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰውየው ምን እንዳደረገ ለማወቅ መጨረሻውን ስንጠብቅ ነው የኖርነው!

ክብር መስጠትም አለ። «መጣ» እና «መጡ»። «ሞተ» እና «አረፉ»። ኮሪያኛም እንዲሁ ነው፤ ለታላቅ ሰው የሚበላበት ግስ ሌላ፣ የሚተኛበት ግስ ሌላ። ይሄ ለእኔ ምን ችግር አለው ብዬ ተዝናናሁ። የተዝናና ሰው ደግሞ ይወድቃል።

ምን ሆነ መሰላችሁ? እኛ መምህር ስናናግር «እርስዎ» እንላለን። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በሁለተኛው ወር ላይ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። በአክብሮት ሲሆን «ታንግሺን» ይላል። ደስ አለኝ። በማግስቱ ብድግ ብዬ፣ በሙሉ ትሕትና፣ «ታንግሺን ያሉት ነገር አልገባኝም» አልኳቸው መምህሬን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ለካ ታንግሺን ባልና ሚስት የሚጠራሩበት ቃል ነው! ካልሆነ ደግሞ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚጮሁበት። መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁና «እኛ ደግሞ መቼ ተጋባን?» አሉኝ።

ኮሪያኛ ውስጥ ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «እርስዎ» የምትሉበት ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም። ማዕረጉን ነው የምትጠሩት። «ፕሮፌሰር ምሳ በሉ ወይ?» ነው ነገሩ፣ ሰውየው ፊታችሁ ተቀምጠው። ቋንቋው ለአማርኛ ይቀርባል ብላችሁ ስትዘናጉ፣ የምትወድቁት በቀረበው ቦታ ላይ ነው። የሚመስለውን ፍሩ! ይህን ደጋግሜ እላለሁ። የሚመስለውን ፍሩ።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ለእኛ «ት» እና «ጥ» አሉን። ለእነሱ ሦስት ናቸው። አንዱ ልል፣ አንዱ በትንፋሽ የሚወጣ፣ አንዱ ጠበቅ ያለ። ጨረቃ፣ ጭምብል እና ሴት ልጅ ማለት በዚህች ልዩነት ብቻ ነው የሚለያዩት። እኔ ጠበቅ ያለው የእኛ «ጠ» መስሎኝ ነበር። አይደለም። የእኛ «ጠ» ትፈነዳለች፤ የእነሱ ትጨመቃለች። አንድ ማታ ጨረቃዋን እያየሁ «እንዴት ታምራለች!» ልል ፈልጌ «ልጄ እንዴት ታምራለች!» ብያለሁ። የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ለሦስት ቀን ልጅ ጥላ የመጣች ናት ብላ አስባ ነበር።

ሰዓትም ጉድ ነው። ሰዓቱን በአገርኛ ቁጥር፣ ደቂቃውን ከቻይና በመጣ ቁጥር ይናገራሉ። እኔ ላይ የሐበሻ ሰዓት ተጨመረበት። ፈተናው 3 ሰዓት ነው ሲባል ጠዋት ሄጄ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። እሱ ይለፈን።

ፊደሉን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ንጉሥ ሴጆንግ ሀንጉልን በ1443 ሠርተው ጨረሱ፤ በ1446 ለሕዝብ አወጁ። በዚያ ጊዜ እኛ ጋ ማን ነበር የነገሠው? ... ጎበዝ! ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ። ሁለት ንጉሦች፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለቱም ብዕር የያዙ። እኔ ይህን ያወቅኩት ቹንቾን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ በፊት ኮሪያውያን የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነበር። የሴጆንግ ሐሳብ ቀላል ነው። ቋንቋችን ከቻይና ይለያል፤ ተራው ሰው የሚናገረው አለው፣ የሚጽፍበት ግን የለውም፤ አዘንኩለት፣ 28 ፊደል ሠራሁለት። ዛሬ የሚሠራባቸው መሠረታዊዎቹ 24 ናቸው። የ«ን» ፊደል ምላስ ላንቃ ስትነካ የምትይዘው ቅርጽ ናት። የ«ም» ፊደል አፍ ናት፣ አራት ማዕዘን። ድምፁ ሲጠነክር አንድ ጭረት ይጨመራል። ታዲያ ሊቃውንቱ ደስ አላቸው? የለም! በ1444 ቼ ማልሊ የተባለ ትልቅ ሊቅ ለንጉሡ ተቃውሞ አቀረበ። የራሳቸው ፊደል ያላቸው አረመኔዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እኛ ለምን ከእነሱ እንመደባለን አለ። ከፊደሉ ጋር የወጣው ማብራሪያ ደግሞ ብልህ ሰው ረፋድ ሳይሆን ይማረዋል፣ ሞኝም በ10 ቀን ይላል። እኔ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወዴት እንደምመደብ እናንተ ፍረዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሀንጉል በሦስት ቀን ስለተነበበ ኮሪያኛ ያለቀ ይመስለዋል። ከቃላቱ ከግማሽ በላይ ሥራቸው የቻይና ነው። «ሃክ» ማለት መማር ነው። ሃክክዮ ትምህርት ቤት፣ ሃክሴንግ ተማሪ፣ ቴሃክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙንሃክ ሥነ ጽሑፍ። ግእዝ የተማረ ሰው አማርኛ ሲያነብ ከሥር የሚታየው ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የ1920ዎቹን ጋዜጣ ይሰጧችኋል። ግማሹ ሀንጉል፣ ግማሹ የቻይና ፊደል። የትምህርት ሚኒስቴራቸው ለትምህርት ቤት የመረጣቸው መሠረታዊ የቻይና ፊደላት ብቻ 1,800 ናቸው። እኔ በሁለተኛ ዓመቴ ግድግዳዬን በሙሉ በወረቀት ለጥፌው ነበር። ሽንት ቤቱን ጭምር።

ስለ ስኮላርሺፕ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ የመጣችሁት ለእሱ ነው። ቶሎ ልበለው። የኮሪያ መንግሥት በየዓመቱ የሚሰጠው አለ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪም፣ ከዚያ በላይም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ትማራላችሁ። ከዚያ ቶፒክ የሚባለውን የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ትወስዳላችሁ። 6 ደረጃ አለው፤ ወደ ዲግሪው ለመግባት 3ኛውን ማለፍ ግድ ነው። ግን ስሙኝ፣ በ3ኛ ደረጃ ገበያ መሄድ ይቻላል፤ ስለ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገለጻ መስማት አይቻልም። እኔ የመጀመሪያው ሴሚስተር የታሪክ ክፍል ውስጥ የገባኝ «ደህና ዋላችሁ» እና «ለዛሬ በዚህ ይብቃን» ብቻ ነው። መሃሉን በቴሌፎን ቀርጬ ማታ ማታ አዳምጠው ነበር። እንግዲህ ይህን ተዘጋጅታችሁበት ሂዱ።

ምግብስ? የሚጾም አለ እዚህ? እኔ ኪምቺ ጎመን ነው፣ በርበሬ ነው፣ የጾም ነው ብዬ ሁለት ወር በላሁ። አንድ ቀን የምበላበት ቤት ያሉት እናት ሲሠሩት አየሁ። የጨው ሽሪምፕ በሳህን ገልብጠው ጨመሩበት። ይህን ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ጣፈጠሽ?» አሉኝ።

ሁለተኛ፣ ታሪክ።

የጆሰን ሥርወ መንግሥት ከ1392 ጀምሮ ከ500 ዓመት በላይ ገዝቷል። በቤተ መንግሥቱ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። እኛም ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበረን። ግን ልዩነት አለ። የእነሱ ንጉሥ የሚጻፈውን ማንበብ አይፈቀድለትም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ወጥተው ከፈረስ ወደቁ። ተነሡ፣ ግራ ቀኝ አዩና «ታሪክ ጸሐፊው እንዳያውቅ» አሉ። እንዴት አወቅን? ታሪክ ጸሐፊው ጽፎታል! መውደቃቸውንም፣ «እንዳያውቅ» ማለታቸውንም። ልጃቸው ሴጆንግ፣ ያ ፊደል የሠሩት፣ የአባቴን ታሪክ ልየው ብለው ቢጠይቁ አማካሪዎቻቸው አይሆንም አሏቸው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ስለ ኮሪያ ማሰብ አቆምኩ። ስለ እኛ ዜና መዋዕሎች ማሰብ ጀመርኩ። ስንቱ ንጉሥ ከፈረስ ወድቆ ይሆን፣ እኛ ሳናውቅ?

ሌላም አለ። በ1866 የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ካንግህዋ የምትባል ደሴት ላይ ወረደ። የነገሥታቱን የሥርዓት መጻሕፍት ጭኖ ሄደ። ኡይግዌ ይባላሉ፤ ንጉሥ ሲዳር፣ ሲቀበር፣ ሰልፉ በሥዕል የተሳለባቸው። 1866 ነው ያልኩት። ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ መቅደላ ላይ ምን ሆነ? ... አዎ። የእኛ ብራናዎች በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። ፕሮፌሰሩ ስለ ካንግህዋ ሲያስረዱ እኔ ሳላስበው እጄን አውጥቼ ነበር። «እኛም» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። «እኛም።»

የእነሱ መጻሕፍት እንዴት ተገኙ መሰላችሁ? ፓክ ብዮንግሶን የተባሉ ኮሪያዊት የታሪክ ምሁር ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። በ1970ዎቹ ውስጥ መጻሕፍቱን ማንም የማያስታውሳቸው ቦታ ተቀምጠው አገኟቸው። የቻይና መጻሕፍት ተብለው ነበር የተመዘገቡት። 297 ጥራዞች በ2011 ሴኡል ገቡ። ያውም በውሰት ነው፣ በየአምስት ዓመቱ እየታደሰ። የራስህን ዕቃ በውሰት! ይህን ጉዳይ ያጠና ኢትዮጵያዊ፣ ኮሪያኛውንም ግእዙንም የሚያነብ፣ ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

ሦስተኛ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር።

«ያኔ እኛ ነበርን የረዳናቸው፤ ዛሬ እነሱ የት፣ እኛ የት!» ሰምታችኋል? ታክሲ ውስጥ? ለቅሶ ቤት? ሬዲዮ ላይ? እኔም ስል ነው ያደግኩት።

ግማሹ እውነት ነው። ጦርነቱ ሰኔ 1950 ተነሣ። የቃኘው ሰዎች በ1951 ፑሳን ወረዱ። ከ120 በላይ ወንድሞቻችን እዚያ ሞቱ፤ አንድም አልተማረከም። ቹንቾን ውስጥ ሐውልታቸው አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ሄደው ሲመርቁት ነበሩ። ሐውልቱ አጠገብ በዚያው ዓመት የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሌላው ግማሽ ግን? ዓረፍተ ነገሯ ኮሪያን ባዶ እጇን የተነሣች፣ በአንድ ጀንበር የከበረች ታስመስላታለች። አራት ዓመት ተምሬ ያገኘሁት እንደዚያ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ፊደሉ ነበር። ለዘመናት በፈተና ሹመት ሲሰጥ ኖሯል፤ ለትምህርት ያለው ጉጉት የቆየ ነው። በ1950 መሬት ለአራሹ አከፋፍለዋል፤ እኛ በ1975 ያደረግነውን፣ በሌላ መንገድ። የአሜሪካ እርዳታ በገፍ ነበር። ከ1961 ጀምሮ ደግሞ ወታደር ነው የገዛቸው።

ዋጋውስ? ሴኡል ውስጥ ፒዮንግህዋ የሚባል የልብስ ገበያ አለ። በ1960ዎቹ ጣሪያው ጭንቅላት በሚነካ ክፍል ውስጥ የ14፣ የ15 ዓመት ልጃገረዶች ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይሰፉ ነበር። ጆን ቴኢል የተባለ ልብስ ቆራጭ ስለነሱ አቤት አለ። የሠራተኛ ሕግ አለ፣ አክብሩት አለ። የሰማው የለም። ኅዳር 1970 የሕጉን መጽሐፍ ይዞ ራሱን በእሳት አቃጠለ። 22 ዓመቱ ነበር። «ማሽን አይደለንም!» ብሎ ጮኸ። በግንቦት 1980 ደግሞ ክዋንግጁ በምትባል ከተማ ወታደሩ አገዛዙን በተቃወመው ሕዝብ ላይ ተኮሰ። መካነ መቃብሩን ሄጄ አይቻለሁ። በየመቃብሩ ላይ ፎቶ አለ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች። እኔ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሙዚየም ትዝ አለኝ። እዚያም ፎቶ ነው፣ እዚያም ልጆች ናቸው።

«እነሱ የት» ስንል እነዚህን ልጆች እንቆጥራለን? «የት» የሚለው ቃል ውስጥ አሉ ወይስ የሉም?

አሁን ብሩን አስታውሱልኝ። የታክሲውን።

ከዓመታት በኋላ፣ ልመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ወደ ቹንቾን ተመለስኩ። ሹፌሩን ላገኛቸው አልችልም። ብሩን ግን ፖስታ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ሐውልቱ ጋ ቆሜ ቆየሁና ያ ቡና ቤት ገባሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። አዩኝ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁ። ነገርኳቸው። ከዚያ፣ እንደተለመደው፦

«አያትሽ ዘምተዋል?»

«አልዘመቱም እማማ» አልኳቸው። «ገበሬ ነበሩ። እኔ ግን የእናንተን ታሪክ ነው የምማረው።»

ሴትዮዋ ፊታቸው አልቀዘቀዘም። «የትኛውን?» አሉኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ነገርኳቸው፤ ስለ ፒዮንግህዋ ገበያ ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና አመልካች ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቆ የበቀለ ነው። «መርፌው በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ» አሉ። «14 ዓመቴ ነበር። ከዚሁ ከቹንቾን ነው የሄድኩት። ልጆቼ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ደብተሬን አወጣሁ። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝን። እሱም ቀዘቀዘ። ቤቱ ሊዘጋ አሳላፊዋ ወንበር ስታነሣ ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው። ፖስታውን አውጥቼ ከፈልኩ።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው? አንቺ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው። ጮክ በይ፣ አባቴ እንዲሰሙሽ።